ከባህር ዳር እስከ ዘንገና፦ አሥራ አንድ ዓመት ሳልቆም ያለፍኳቸው ከተሞች

የጣና ዳሩ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ከባህር ዳር ተነሥተን በዳንግላና በእንጅባራ በኩል እስከ ዘንገና ሐይቅ ደርሰን ተመለስን። ደርሶ መልሱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን በግማሽ ቀን ትጨርሱታላችሁ፤ እኔም ሳልቆም ስነዳው የኖርኩት እንደዚያው ነበር። ትናንት ግን ከንጋቱ 12፡30 ወጥተን ቤት የገባነው ከምሽቱ 12፡40 ነው። ቀኑን ሙሉ የት እንደዋልን ልጽፍላችሁ ነው፤ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በዚህ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ወጥቼ ወርጃለሁ። ከዘመን መለወጫ በፊት አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ባለቤቴ «ለመሆኑ ዱርቤቴ ምን ዓይነት ከተማ ናት?» አለችኝ። ማደያው በየት በኩል እንዳለ፣ ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስ አስፋልቱን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላው፣ የትኛው ጉብታ ላይ ፍሬን አስቀድሞ መያዝ እንደሚያስፈልግ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ የጠየቅሁህ እኮ ስለ ከተማዋ ነው» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የማልፍባትን ከተማ ከመስታወት ወዲህ ሆኜ እንጂ አላየኋትም። ነገሩ ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣም።

የተጋባንበት አሥረኛ ዓመት ጥቅምት ላይ ይውላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐይቁ ዳር ሄደን ዓሣ እንበላ ነበር። ዘንድሮ ግን ያንኑ መንገድ እየቆምን እንሂድበት ተባባልን። ደንቡን ያወጣችው እርሷ ናት፦ መንገድ ዳር ባለው ከተማ ሁሉ እንወርዳለን፤ ከአስፋልቱ ገባ ብለን በእግራችን አንድ ሰፈር እናያለን፤ ከሰው ጋር ሳንነጋገር የምናልፈው ከተማ አይኖርም። የወንድሜን ቪትዝ ተዋስን። አርብ ማታ መናኸሪያ ሄጄ ከዚያ በኩል የገቡትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሰላም ጠየቅሁ፤ «ዛሬ ደኅና ነው» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ይህን ሳይጠይቅ ቤተሰቡን ይዞ ማንም እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።

መራዊ የደረስነው ገና ሱቆች ሲከፈቱ ነው። ከባህር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቁርስ ሽሮ በላን፤ ባለቤቴ ጽጌን ትጾማለች። ከቁርስ ቤቱ ጀርባ ባለው ቅያስ የፈረስ ጋሪዎች ድንችና ሽንኩርት ያራግፋሉ። ከየት እንደመጣ ስንጠይቅ «ከቆጋ» አሉን። የቆጋ ግድብ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ በመስኖ እንዲያለማ የታሰበው መሬት 7,000 ሄክታር ነው። ባህር ዳር ገበያ ላይ በበጋ የምንገዛው ድንች፣ ስንዴና አቮካዶ ብዙው ከዚያ እንደሚመጣ አንድ ጋሪ ነጂ ወጣት በኩራት አስረዳን። እኔ ለዓመታት ያንኑ ድንች ጭኜ ሄጃለሁ፤ ቦዩ የት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

ወተት ዓባይ ላይ ደግሞ ድልድዩ አጠገብ ወርደን ወንዙን አየን። ግልገል ዓባይ ነው፤ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውኃው ደፍርሶ ቡና መስሏል። ባለቤቴ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆማ «ይኸው አሁን ወደ ቤታችን እየሄደ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ እኛ ከሐይቁ ስንርቅ እርሱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ዱርቤቴ ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታውን ሳወጣው እርሱም ነፋስ የለውም። በሥራዬ ይህን ሳላይ አልወጣም፤ የተዋስኩትን መኪና ግን አላየሁም። አንድ ባጃጅ ነጂ ወጣት ጎማውን ጭኖ ወደ ጎሚስታ ወሰደልኝ። ጎሚስታው ከእኛ በፊት የመጣ ሰው ነበረበትና አንድ ሰዓት ጠበቅን። ባለቤቴ በዚያ መሃል ጠፋችብኝ። ሳገኛት ከጎሚስታው ጀርባ ባለ ግቢ ዳጉሳ ከሚያበጥሩ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ወንፊት ይዛለች። ዱርቤቴ ያለችበት አቸፈር የዳጉሳ አገር ነው። ሴቶቹ ለጠላ የሚሆነውንና ለእንጀራ የሚሆነውን እንዴት እንደሚለዩ እያሳዩአት ነበር። «ዱርቤቴ ምን ዓይነት ከተማ ናት?» ላለችው ጥያቄ መልሱን ያገኘችው እዚያ ይመስለኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የጠበቅኋት።

ከዱርቤቴ እስከ ዳንግላ መንገዱ ግራና ቀኝ ኑግ ነው። አሁን ሙሉ በሙሉ አብቧል፤ ቢጫው ዓይን ይወጋል። መስታወት ከፍተን በቀስታ ነዳን።

ዳንግላ ላይ የሆነውን በተለይ መጻፍ እፈልጋለሁ። ገበያ ውስጥ ከነሰፈፉ ያለ ማር የምትሸጥ ሴት አገኘን። ቀመስን፣ ወደድነው፣ ተስማማን፤ መያዣ ግን የለንም። ሴትየዋ ክዳን ያለውን የራሷን ነጭ ባልዲ አውጥታ መዝና ሞላችልን። የባልዲውን ዋጋ ልክፈል ስላት አልቀበልም አለች። «ዕቃዬን በሚመጣ መኪና ላኪልኝ» ብቻ አለቻት ለባለቤቴ። ስልካችንን አልጠየቀችም፤ ስማችንንም አልጠየቀችም። ባልዲው አሁን ወጥ ቤታችን ውስጥ ነው። ማሩን ወደ ማሰሮ ገልብጠን አጥበነዋል።

አዲስ ቅዳም የገባነው ገበያው በደመቀበት ሰዓት ነው፤ ስሟ ራሱ ቅዳሜን ይዟል። እዚያ አካባቢ ዓይናችንን የያዘው ዛፉ ነው። ዲከረንስ የሚሉት፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የደቀቀ ዛፍ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖታል፤ በየመሃሉ ከሰል ከሚከሰልበት ቦታ ጭስ ይወጣል፤ መንገድ ዳር ከሰል የሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ባለቤቴ ደስ አላላትም። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። የአካባቢው ሰዎች ካላችሁ አስረዱን።

እንጅባራ ብርድ ነው። ከባህር ዳር በ700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ጋቢ ሳንይዝ መሄዳችን ስህተት ነበር። የቀርቀሃ ወንበር የሚሠሩ ልጆች ጋ ቆመን ቀርቀሃውን በእሳት እያሞቁ እንዴት እንደሚያጎብጡት አየን፤ ከዚያ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ዘንገና ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ ከዛፉ ጀርባ ሐይቅ መኖሩን በወሬ ብቻ ነው የማውቀው። ክብ ነው፤ ዙሪያው ደን ነው፤ ድምፅ የለም። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ብዙም አልተነጋገርንም።

ዋጋዎቹን አልጻፍኩም፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

ሰባታሚት
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡50

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እኔና እጮኛዬ የሚመጣው ቅዳሜ አንድ ቦታ እንሂድ እያልን ስንከራከር ነበር፤ እርሷ ዘጌ ትላለች፣ እኔ ጢስ ዓባይ እላለሁ። አሁን ሁለታችንም ይህን አነበብን። ትንሽ መኪና እስከ ዘንገና ያስኬዳል? መጨረሻው ላይ ኮረኮንች አለው?

የዳንግላ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ስለ ከተማዬ መልካም ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። በአንድ ቀን ስድስት ቦታ መውረድ ከመስታወት ከማየት ይሻላል እንጂ ከተማ ማየት አይባልም። ዳንግላ ስንት ሰዓት ቆያችሁ? ከጽሑፍህ እንደገመትኩት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ማር ገዝታችሁ ወጣችሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ገደማ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ ነበረች። ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ይባላል። በበቅሎና በታንኳ እየዞረ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ካርታ ያነሣው እዚህ ተቀምጦ ነው። ባህር ዳር በዚያ ዘመን እንደዛሬው ትልቅ ከተማ አልነበረችም። አሁን ባህር ዳር የሚኖር ሰው ዳንግላን የመንገድ ዳር ቁርስ ቤት አድርጎ ሲያያት ያሳዝነኛል። አንተን ለመውቀስ አይደለም፤ አንተ ቢያንስ ወርደሃል።

የእኔ ምክር አንድ ቀን፣ አንድ ከተማ ነው። ጠዋት ገብታችሁ ገበያውን እዩ፣ ምሳ ብሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ማር የሚገዛ ደግሞ ትንሽ ይታገሥ። ዋናው የማር ቆረጣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ ንቡ አደይ አበባውንና ኑጉን ከቀሰመ በኋላ።

የጣና ዳሩ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡55

@ሰባታሚት፦ ቪትዝ ደርሶ መጥቷል፤ አስፋልቱ እስከ አጠገቡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ይሻላል።

@የዳንግላ ልጅ፦ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የቆየነው። ስለ ቆንስሉ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ትችትህን ተቀብያለሁ፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ያልቆመ ሰው መጀመሪያ ሁሉም ቦታ መውረድ ነበረበት። የትኛው ከተማ መመለስ እንዳለብኝ ሳላውቅ እንዴት አንዱን እመርጣለሁ?

እናት ሽንብጥ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ ያንተን ጽሑፍ ትናንት ማታ የልጅ ልጄ አነበበልኝ፤ ጠዋት ደግሞ ራሴ መነጽሬን አድርጌ ደገምኩት።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መምህር ነበር። በየዓመቱ ለገና ወደ ጎንደር ቤተሰቦቹ ጋ በአውቶቡስ እንሄድ ነበር። ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን ሠላሳ ጊዜ አልፈናቸዋል። ወረታ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የፎገራን ሜዳ በመስኮት እያሳየኝ «ይህ ሁሉ ረግረግ ነበር፤ አሁን ሩዝ ነው» ይለኝ ነበር። በክረምት ጉማራና ርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ያዝን የነበረው ገበሬ፣ ያንኑ ውኃ ለሩዝ እንደተጠቀመበት ባለቤቴ ደስ እያለው ያወራኝ ነበር። ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ሲጋግሩትም ነጭ እንጀራ ይወጣዋል።

አንድ ቀን ወርደን አውራ አምባን እናያለን ይለኝ ነበር። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ወንዱ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ሴቷ በሬ ጠምዳ የምታርስበት መንደር ነው፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል። «ለሚመጣው ዓመት» ይል ነበር ሁልጊዜ። ሳንሄድ ቀረን። እናንተ አሥረኛ ዓመታችሁ ላይ መሄዳችሁ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤትህን ሳምልኝ።

ቀርቀሃ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እንጅባራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ዲከረንስን አስረዱን ስላልክ እጽፋለሁ።

ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እኛ ጋ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው በእርሻ መሬቱ ላይ ይተክለዋል። የምትሉትን ጭስ ያየ ሰው ደን የሚጨፈጨፍ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። መሬታችን አሲዳማ ሆኖ ገብሱም ስንዴውም እምቢ ብሎ ነበር። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አንድ ላይ ያበቅለዋል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ዛፉ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት በመሃሉ ሣር ያጭዳል፣ ከብቱን ያበላል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል። ከዚያ እንደገና ጤፍና ችግኝ። ሥሩ ናይትሮጂን ስለሚይዝ መሬቱም ትንሽ ያገግማል። አባቴ በዚህ ዛፍ ነው ቤቱን በቆርቆሮ የከደነው፤ እኔንም ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ እርሱ ነው።

የጎጂነት ነገር ካለ በሌላ በኩል ነው። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ቅጠሉን አድርቆታል። ባለፋችሁበት መንገድ ግራና ቀኝ ቡናማ ሆኖ የቆመ ካያችሁ ደርቆ እንጂ ለቆረጣ ደርሶ አይደለም። አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ኑሮውን የተከለ ገበሬ አሁን ጭንቅ ላይ ነው።

ሌላው፣ እንጅባራን በጥቅምት ማየት ጥሩ ነው፤ ግን ጥር 23 ብትመጡ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል ታያላችሁ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ዘማች አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ። በደረት ጌጥና በቀይ ኮርቻ ያጌጠ ፈረስ ሜዳውን ሲሞላው ብርዱ ይረሳል። ጋቢ ግን ያኔም ያስፈልጋል።

አረንጓዴ ጣና
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። @ቀርቀሃ ያለው በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የባለቤትህም ስሜት ግን ባዶ አይደለም። ዛፉ መሬቱን ሸፍኖ የአፈር መሸርሸርን ይቀንሳል፤ ይህ ለጣናም ይጠቅማል፤ ከላይ የታጠበ አፈር ሁሉ መጨረሻው ሐይቁ ነው። ይሁን እንጂ ከሰሉ የሚከሰለው በባህላዊ መንገድ፣ እንጨቱን በአፈር ቀብሮ ነው። ብዙ እንጨት ይባክናል፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ ገበሬውና ቤተሰቡ ነው። የተሻሻለ ምድጃ ተሞክሯል፤ አልተስፋፋም። የምግብ ሰብል የሚዘራበት መሬት እየጠበበ መምጣቱንም አካባቢው ያሉ ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ።

ቀርቀሃ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

የምግብ ሰብል ያልከው ላይ ልመልስ። አባቴ ዛፉን ከመትከሉ በፊት ከዚያ መሬት የሚያገኘው ገብስ እስከ ሚያዝያ አያደርሰንም ነበር። አሁን ከሰል ሸጦ ጤፍ ይገዛል። በጭሱ ግን እስማማለሁ። እናቴ ሳሏ አይለቃትም።

አረንጓዴ ጣና
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እግዚአብሔር ይማራት። በሥራ ብዙ ቦታ ሄጄ ከመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ ውጭ ከአንድ ቤተሰብ እንዲህ ሰምቼ አላውቅም። የበሽታውን ነገር በውስጥ መልእክት እጽፍልሃለሁ።

ባለ ሲኖ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

የሙያ ጓዴ፣ ሰላም። እኔም በዚያው መንገድ ነኝ። ለሚሄዱት ጥቂት ነገር ልጨምር። ነዳጅ ባህር ዳር ላይ ሙሉ፤ በየከተማው አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ፤ ሰልፍ ሊያውላችሁ ይችላል። ስኮርታ፣ ክሪክና የጎማ ቁልፍ በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አስፋልቱ የእግረኛ፣ የአህያና የጋሪ ነው። ጥሩምባ አትንፉ፤ አህያ በጥሩምባ ወደ መንገድ መሃል ነው የምትገባው። ከእንጅባራ ከአሥር ሰዓት በፊት ተነሡ። ጨለማ ውስጥ መብራት የሌለው ጋሪ ላይ መድረስ ለማንም አይመኙለትም።

እኔ ቆሜ አላውቅም። ጭነት ያለበት ሰው እንዴት ይቆማል? ግን ዱርቤቴ ያሉት የዳጉሳ ሴቶች የጻፍከው ከልቤ ገብቷል። የእኔ እናትም የዚያ አካባቢ ናቸው።

ፔዳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

መኪና የሌለን ምን እናድርግ? እኔና ጓደኛዬ ተማሪዎች ነን።

የጣና ዳሩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

@ፔዳ፦ እንዲያውም ለእናንተ ይቀላል። ከባህር ዳር መራዊ በሚኒባስ፣ ከመራዊ ዱርቤቴ በሌላ፣ እየቆራረጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የስኮርታ ሐሳብ የለባችሁም። ከዳንግላ ብትመለሱ ቀኑ ይበቃችኋል።

@እናት ሽንብጥ፦ መልእክትዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ቆየች፤ ከዚያ «አውራ አምባ ስንሄድ እርስዎን ይዘን ነው» አለች። የቪትዙ የኋላ ወንበር ባዶ ነው። እርስዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ከኅዳር በኋላ መንገዱን አጣርተን እንወስድዎታለን።

@ባለ ሲኖ፦ እኔም ጭነት ይዤ አልቆምም። በዕረፍት ቀንህ ተመለስባት።

አሁን ሁላችሁንም አንድ ነገር ልለምን። ነገ ጭኜ ወደ መተማ እሄዳለሁ፤ ሁለት ሳምንት በዳንግላ አላልፍም። ባልዲው እዚህ እንዲከርም አልፈልግም። ሴትየዋ ሌላ ደንበኛ ሲመጣባት በምን ትሞላለች? በዚያ በኩል የሚሄድ ካለ፣ ቤቴ መጥቶ ቢወስድልኝ።

ሰባታሚት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እኛ እንወስዳለን። ቅዳሜ ነው የምንሄደው። ሴትየዋ ገበያው ውስጥ የት እንደምትቀመጥ ጻፍልኝ።

የጣና ዳሩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ እቤት ናት፤ አድራሻውን በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ። ሴትየዋ ከቅመም ተራው መጨረሻ፣ የተሰነጠቀ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ሰማያዊ ሸራ የዘረጋች ናት። ግራ እጇ ላይ የንቅሳት መስቀል አለ። ባልዲው ክዳኑ ላይ ጭረት አለው።

እናት ሽንብጥ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡00

ልጄ፣ እሄዳለሁ። የሚቋጠረውን ስንቅ ግን እኔ ነኝ የማዘጋጀው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

የዳንግላ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ዋርካው ሥር የምትቀመጠውን ሴት አውቃታለሁ። ለእኛም ቤት ማር የምታመጣው እርሷ ናት። @ሰባታሚት፦ ቅዳሜ እኔም ዳንግላ ነኝ። ደርሰህ ገበያው በር ላይ ጠብቀኝ፤ ምሳ እኛ ቤት ነው። እምቢ አትበል።

ሰባታሚት
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ትናንት ሄድን። ዘንገና አልደረስንም። እንጅባራም አልደረስንም። መራዊ ላይ ቁርስ በላን፣ ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ፎቶ ተነሣን፣ ዳንግላ አራት ሰዓት ከሩብ ገባን፤ ከዚያ ወጥተን የተመለስነው ዘጠኝ ሰዓት ነው።

@የዳንግላ ልጅ በር ላይ ጠብቆን ነበር። እናቱ ምሳ አቀረቡልን፤ አባቱ ደግሞ ስለ ድሮው ቆንስል ከአያታቸው የሰሙትን ነገሩን፦ ፈረንጁ ከዓባይ በረሃ ሲመለስ በቅሎዎቹ ከስተው እንደገቡና የመንደሩ ሰው ገብስ እንዳዋጣላቸው። እጮኛዬ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ወደ ዘንገና እንሂድ ስላት «ሌላ ቀን» አለችኝ። እኔም አልገፋኋትም።

ባልዲውን ሳሳያት ሴትየዋ መጀመሪያ አላስታወሰችም። ከዚያ ክዳኑን ገለበጠችና በምስማር የተጫረውን ምልክት አይታ «የእኔው ነው» አለች። ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ባልዲው አይደለም። «ቅቤ አልቀምስም ያለችው ልጅ ደኅና ናት? ጽጌን እየጾመች ነው?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። ደኅና ናት አልኳት። ነጩ ማር ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚገባ፣ ለእርሷ ጥቂት እንደምታስቀምጥላት ንገርልኝ ብላኛለች።

የጣና ዳሩ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

መተማ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ለባለቤቴ በስልክ ነገርኳት፤ ባልዲው ከመድረሱ ይልቅ ሴትየዋ ጾሟን ማስታወሷ ነው የደነቃት።

ጽጌ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንሄዳለን። የራሳችንን ማሰሮ እንይዛለን። @የዳንግላ ልጅ፦ በዚህ ጊዜ ከዳንግላ አናልፍም።